መልሱን መምህሩም የማያውቀው የቤት ሥራ

ሳይንስን በኢንተርኔት የሚያስተምር ሰው ሁሉ የሚቸገርበት ቦታ ቤተ ሙከራው ነው። ንባቡን መላክ፣ ቪዲዮውን መጫን፣ ፈተናውንም በኮምፒውተር ማረም ይቻላል። ተማሪው ግን በዓይኑ አይቶ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» የሚልበት ነገር ካላገኘ ትምህርቱ ስለ ሳይንስ የሚነገር ወሬ ሆኖ ይቀራል። ብዙ ኮርሶች ክፍተቱን የሚሞሉት በኮምፒውተር በተሠራ ምስለ ሙከራ ነው። ተማሪው ቁልፍ ይጫናል፣ ፈሳሹ ቀለሙን ይለውጣል፤ ትናንት የተጫነው ያየው ያንኑ ነው፣ ነገ የሚጫነውም የሚያየው ያንኑ ነው። ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ውጤቱ አስቀድሞ ያለቀለት ሙከራ ጥያቄ አያስነሳም። በአገራችን በፕላዝማ ቴሌቪዥን የተማረ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል፤ በስክሪኑ ላይ ያለው መምህር ይጠይቃል፣ ራሱ ይመልሳል፣ ማንንም ሳይጠብቅ ይቀጥላል።

ብዙ መምህራን ለዚህ ችግር የሞከሩት አንዱ መላ የዜጎች ሳይንስ ይባላል። ተመራማሪዎች ብቻቸውን ሊጨርሱት የማይችሉትን ቆጠራ፣ ልኬት ወይም ልየታ ለፈቃደኛ ሁሉ ክፍት ያደርጋሉ፤ የተሰበሰበውንም መረጃ ለምርምር ያውሉታል። ልማዱ ከኢንተርኔት በብዙ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1900 የፈረንጆች ገና ዕለት በአሜሪካና በካናዳ 27 ሰዎች ወፍ ሊቆጥሩ ወጥተው ነበር። ያ ቆጠራ እስከ ዛሬ በየዓመቱ ይካሄዳል፤ የወፎችን መብዛትና መመናመን ለሚያጠኑ ሰዎችም ትልቅ መዝገብ ሆኗል።

ኢንተርኔት ሲመጣ ሥራው ሌላ መልክ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ2007 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ የጋላክሲ ፎቶዎችን በቅርጻቸው መለየት ነበረባቸው። አንዱ ተመራማሪ 50,000 ያህሉን ብቻውን ከለየ በኋላ ሥራው በዚህ መንገድ እንደማያልቅ ገባው። ስለዚህ «ጋላክሲ ዙ» የተባለ ፕሮጀክት ከፍተው ሕዝቡን ጋበዙ። በአንድ ዓመት ውስጥ 150,000 የሚጠጉ ሰዎች ከ50 ሚሊዮን በላይ ልየታ ሰጡ። ከእነሱ መካከል ሃኒ ቫን አርከል የተባለች የኔዘርላንድስ መምህርት ነበረች፤ በአንዱ ፎቶ ላይ ማንም ያልጠቀሰው እንግዳ ብርሃን አይታ «ይሄ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። ከጊዜ በኋላ እንደታወቀው፣ ያየችው በአቅራቢያው ባለ ጋላክሲ እምብርት ጨረር የደመቀ ግዙፍ የጋዝ ደመና ነው፤ እምብርቱ ራሱ ግን ደብዝዟል። ዛሬ ደመናው በስሟ ይጠራል። ከጋላክሲ ዙ የተወለደው «ዙኒቨርስ» የተባለው መድረክ አሁን ከእንስሳት እስከ ጥንታዊ የእጅ ጽሑፍ ድረስ ብዙ ፕሮጀክቶችን ይዟል።

ለሥነ ሕይወት ኮርስ ግን እኔ የምመርጠው ወደ እኛ የቀረበውን ነው። በታንዛኒያ ሴሬንጌቲ ብሔራዊ ፓርክ፣ ከ1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ቦታ ላይ፣ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 225 ካሜራዎች ተከሉ። ካሜራዎቹ ሙቀትና እንቅስቃሴ ሲሰማቸው በራሳቸው ፎቶ ያነሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ ምስሎቹ «ስናፕሾት ሴሬንጌቲ» በሚል ስም ለሕዝብ ተከፈቱ።

አንድ ተማሪ ይህን ፕሮጀክት ሲከፍት የሚገጥመውን እንመልከት። ፎቶ ይመጣለታል። የመጀመሪያው ባዶ ሣር ነው፤ ፀሐይ ያሞቀውን ሣር ነፋስ ሲያወዛውዘው ካሜራው ተታልሏል። «ምንም የለም» ብሎ ያልፋል። ሁለተኛው ላይ የሜዳ አህያ ቆሟል፤ እሱ አያስቸግርም። ሦስተኛው ላይ ጀርባውን የሰጠ፣ ቀጭን፣ ቡናማ እንስሳ አለ። ጋዜል መሆኑ ይታያል፤ ግን የቶምሰን ነው ወይስ የግራንት? ተማሪው ጎኑ ላይ ጥቁር መስመር ሲያይ «የቶምሰን» ለማለት ይቸኩላል። መስመሩ ግን ያሳስታል፤ አንዳንድ የግራንት ጋዜሎችም አላቸው። ሁነኛው ምልክት መቀመጫው ላይ ነው፤ ነጩ ቀለም ከጅራቱ በላይ ወደ ወገቡ ካለፈ የግራንት ነው፣ ከጅራቱ በታች ከቆመ የቶምሰን። ይህን ለማወቅ ተማሪው ምስሉን ያጎላል፣ ከመመሪያው ጋር ያስተያያል፣ ይጠራጠራል፣ ይወስናል። ስለ ዝርያ ልየታ የተጻፈ ምዕራፍ ሙሉ ቢያነብ ይህን ያህል ትኩር ብሎ አያይም።

ቢሳሳትስ? ይህ ጥያቄ ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው። አንድን ምስል ብዙ ሰው ያየዋል፤ አስቸጋሪ ከሆነ እስከ 25 ሰው። ብዙኃኑ የተስማሙበት መልስ ይያዛል። ተመራማሪዎቹ ይህን የሕዝብ ፍርድ ባለሙያዎች ከለዩዋቸው 4,149 ምስሎች ጋር ሲያነጻጽሩት 97 በመቶ ገደማ ትክክል ሆኖ አገኙት። ተማሪው እዚህ ላይ በሳይንስ ውስጥ እምነት ከየት እንደሚመጣ ያያል፤ ብዙ ሰዎች ሳይመካከሩ ያዩትን በማስተያየት፣ ያንንም በሌላ መንገድ በመፈተሽ ነው።

እዚህ ላይ ግን አጥብቄ የምለው አለኝ። ተማሪን «ግባና 100 ፎቶ ለይ» ብሎ መላክ ማስተማር አይደለም። ከሃያኛው ፎቶ በኋላ ጣቱ ብቻ ይሠራል። ትምህርት የሚሆነው ተማሪው ከተሰበሰበው መረጃ ራሱ ጥያቄ አውጥቶ መልስ ሲፈልግበት ነው። በዚህ ረገድ በሞዛምቢክ ያለው የጎሮንጎሳ ፓርክ ፕሮጀክት ጥሩ ምሳሌ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1992 ባበቃው የእርስ በርስ ጦርነት ሳቢያ ከትላልቅ እንስሳቱ ከ90 በመቶ በላይ አጥቶ አሁን በማገገም ላይ ነው። «ዋይልድካም ጎሮንጎሳ» የተባለው ይህ ፕሮጀክት ከፎቶ ልየታው ጎን ለክፍል የተዘጋጀ የመረጃ ክፍል አለው፤ ተማሪው መረጃውን በዝርያ፣ በወቅት፣ ከውሃ ባለው ርቀት አጣርቶ ማውረድ ይችላል። አንዱ «በበጋ ከውሃ የማይርቀው የትኛው እንስሳ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሌላው «ሌሊት ብቻ የሚወጡት እነማን ናቸው?» ይላል። መምህሩ መልሱን አያውቅም፤ መልሱ የሚገኝበትን መንገድ ግን ያውቃል። የመምህርነት ክብሩም እዚያ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

የኢንተርኔት ኮርስ እንደ ድክመት የሚቆጠርበት ሌላው ነገር ተማሪዎቹ በአንድ ክፍል አለመገናኘታቸው ነው። ለዜጎች ሳይንስ ይህ ሀብት ነው። አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ደብረ ብርሃን፣ ሌላው ዱባይ፣ ሌላዋ ዋሽንግተን ሆነው አንድ ኮርስ ቢወስዱ፣ የሚያዩት ሰማይና የሚዘንብባቸው ዝናብ የተለያየ ነው። «ግሎብ አት ናይት» የተባለው ፕሮጀክት ጨረቃ በሌለባቸው ሌሊቶች ሰዎች እንደ ኦሪዮን ያሉትን የከዋክብት ስብስቦች አይተው ስንት ኮከብ እንደሚታያቸው ከሥዕል ጋር እያስተያዩ እንዲመዘግቡ ይጠይቃል። ዓላማው የከተማ መብራት ሰማዩን ምን ያህል እንደጋረደው መለካት ነው። መሣሪያ አይጠይቅም፤ ዓይንና ጨለማ ይበቃል። የዱባይዋ ምሽትና የደብረ ብርሃኗ ምሽት በአንድ ሠንጠረዥ ሲቀመጡ ተማሪዎቹ የሚወያዩበት ጉዳይ በራሱ ይመጣል።

ዝናብ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የቀለለና የጠለቀ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1997 በአሜሪካ ኮሎራዶ ፎርት ኮሊንስ ከተማ ደራሽ ጎርፍ አምስት ሰዎችን ገደለ። በከተማዋ አንድ ወገን ዶፍ ሲወርድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የዘነበው ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነበር፤ ጥቂት የመለኪያ ጣቢያዎች ያንን ልዩነት ሊያሳዩ አይችሉም። በቀጣዩ ዓመት «ኮኮራዝ» የተባለ የፈቃደኞች መረብ ተመሠረተ፤ ሰዎች በየግቢያቸው መለኪያ ተክለው በየጠዋቱ ያስመዘግባሉ። ኮኮራዝ ከአባላቱ የሚፈልገው ዝናብ ያልዘነበበትን ቀንም ነው፤ ዜሮም ይላካል። «አልዘነበም» እና «አልለካሁም» ፈጽሞ የተለያዩ መሆናቸውን በዚህ የተማረ ተማሪ አይረሳውም።

እኛም ዘንድ ምሳሌው አለ። በዳንግላ ወረዳ ዳንግሽታ ቀበሌ ነዋሪዎች ከኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዝናብን፣ የወንዝን ከፍታና የጉድጓድ ውሃን ሲለኩ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት መረጃው በጥራቱ ለምርምር የሚበቃ መሆኑን አሳይቷል። በቤት ለሚማር ልጅም ዝናብ ለመለካት ግድግዳው ቀጥ ያለ የዱቄት ወተት ጣሳ፣ ማስመሪያና ከዛፍና ከጣሪያ የራቀ ቦታ ለመነሻ ይበቃሉ። በጣሳው ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ አንድ ሚሊ ሜትር ከፍ ካለ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ወርዷል ማለት ነው። ልጁ የግቢውን ስፋት ለክቶ ያባዛ፤ በአንድ ሌሊት የወረደው ውሃ ስንት ጀሪካን እንደሚሞላ ሲያገኘው ሒሳቡን ደግሞ ያሰላዋል፣ ስለማያምነው።

የገበሬዎቻችንም ተሞክሮ ለኮርስ አዘጋጅ የሚያስተምረው አለ። በኢትዮጵያ በዱረም ስንዴ፣ በኒካራጓ በቦሎቄ፣ በሕንድ በዳቦ ስንዴ የተካሄደ ሰፊ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። እያንዳንዱ ገበሬ በማሳው ሦስት ዝርያ ብቻ ዘርቶ የትኛው እንደበለጠ፣ የትኛው እንዳነሰ ይናገራል። የአንዱ ፍርድ ብቻውን ትንሽ ነው፤ ከ12,409 ማሳ የመጣው ሲደመር ግን የትኛው ዝርያ ለየትኛው የአየር ጠባይ እንደሚስማማ አሳየ። ለኢንተርኔት ክፍልም የሚበጀው ይኸው ነው፤ ለአንድ ተማሪ ትንሽና ግልጽ ሥራ መስጠት፣ ከዚያ የሁሉንም ደምሮ ማሳየት።

ነጥብ አሰጣጡ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በምስል ብዛት ነጥብ ከተሰጠ ተማሪው ይሮጣል፣ በሩጫም የገባው መረጃ የሌላውን ልፋት ያበላሻል። ነጥቡ መሰጠት ያለበት ለጠየቀው ጥያቄ፣ ለሠራው ሠንጠረዥ፣ «እዚህ ላይ እርግጠኛ አይደለሁም» ብሎ ምክንያቱን ለጻፈበት አንቀጽ ነው። መምህሩም ፕሮጀክቱን ከመምረጡ በፊት ሥራው ገና ያልተዘጋ መሆኑን፣ መረጃውም ለተማሪ መልሶ የሚገኝ መሆኑን ያጣራ። ሰጥቶ ውጤቱን የማያይ ተማሪ ጉልበቱ የተበዘበዘ ያህል ይሰማዋል፤ እውነቱም አለው።

ወላጆችም ስለ ልጃቸው ደህንነት የሚጠይቁት ጥያቄ ተገቢ ነው። ልጅ በግቢው ያለ አበባ ወይም ወፍ ፎቶ አንስቶ የዕፅዋትና የእንስሳት ምልከታ በሚመዘገብበት «አይናቹራሊስት» በተባለው መድረክ ላይ ሲያስገባ የቤቱ አድራሻ አብሮ ሊታይ ይችላል። መድረኩ ትክክለኛውን ቦታ የሚሸፍን ምርጫ አለው፤ ከመጀመሪያው ቀን ማብራት ነው። የመጥፋት አደጋ የተጋረጠባቸው እንስሳት የሚገኙበት ቦታ እንዲሁ ይሸፈናል፤ አዳኞች እንዳይጠቀሙበት። የፎቶ ፕሮጀክት ደግሞ ዳታ ይበላል፤ ዳታ ለሚወደድበት ቤት ሦስት ወይም አራት ተማሪዎች በአንድ ስልክ ተሰብስበው ስለ እያንዳንዱ ምስል ተከራክረው ቢወስኑ ይሻላል። የዝናብ ልኬትና የከዋክብት ምዝገባ ግን ቁጥር ብቻ ነው፤ ተማሪው በደብተሩ ይዞ፣ ኔትወርክ ባገኘ ቀን በአጭር መልእክት ለመምህሩ ሊልከው ይችላል።