ላቦራቶሪ የላችሁም? እንጦጦ አለላችሁ

ከሽሮ ሜዳ የታሸገ ቺፕስ ገዝቶ ወደ እንጦጦ ማርያም የወጣ ልጅ ሁሉ ያየው ነገር አለ። ታች ልል የነበረው ከረጢት ላይ ሲደርስ ሊፈነዳ እስኪመስል ይነፋል። አብዛኛው ልጅ ቀድዶ ይበላዋል፤ ጥያቄውም አብሮ ይበላል። የፊዚክስ መምህር አብሮት ካለ ግን እዚያው ሚኒባሱ ውስጥ ትምህርት መጀመር ይቻላል።

ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር «ትምህርት ቤታችን ላቦራቶሪ የለውም፣ ልጆቹን ምን ላሠራቸው?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ጉለሌና አካባቢው ለምታስተምሩ መልሴ አጭር ነው፤ ከበላያችሁ ተራራ አለ። ከሽሮ ሜዳ እስከ ማርያም ያለው የከፍታ ልዩነት ግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ታክሲ ጉዞ የአየሩን ግፊት እንዲህ የሚቀይር ዕቃ በየትኛውም ትምህርት ቤት መደርደሪያ ላይ አታገኙም።

ትምህርት ቤቶች ወደ እንጦጦ መውጣታቸው አልቀረም። ልጆቹ ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑበትን ቤተ ክርስቲያን ያያሉ፤ ሙዚየሙን ያያሉ፤ የተሳካላቸው ደግሞ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀውን ኦብዘርቫቶሪ ከነሁለቱ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖቹ ይጎበኛሉ። ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ቅር የሚለኝ ልጆቹ ሲያዩ ውለው ሲያዩ መመለሳቸው ነው። በእጃቸው የነኩት ነገር ቢኖር ስልክና ሳንድዊች ነው።

በሚቀጥለው ጉዞ ባዶ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ አስይዟቸው። ስስ የሆነው፣ ሲጨብጡት የሚንኮሻኮሸው ይሻላል። ላይ ስትደርሱ ከቅጽሩ ውጪ ጥላ ፈልጋችሁ ክዳኑን ክፈቱትና ጥቂት አቆዩት፤ ውስጡ ያለው አየር የእንጦጦን ብርድ ይልመድ። ከዚያ አጥብቃችሁ ዝጉት። ሽሮ ሜዳ ስትወርዱ ጎኑ ገባ ብሎ ታገኙታላችሁ። ብዙ መምህር እዚህ ጋ «አያችሁ፣ የአየር ግፊት!» ብሎ ይጨርሳል። ዋናው ሥራ ግን ገና መጀመሩ ነው።

በባልዲ ውሃ አምጡ። ጠርሙሱን ዘቅዝቃችሁ አፉን ውሃው ውስጥ ከከተታችሁ በኋላ እዚያው ውስጥ ክዳኑን ፍቱት። ውሃው ሽቅብ ሽው ብሎ ይገባል፤ የገባው ጎንም ጠቅ ብሎ ወደ ቦታው ይመለሳል። የውስጡና የውጪው ውሃ እኩል እንዲሆን ጠርሙሱን አስተካክሉት፣ ክዳኑን እንደገና ዝጉና አውጡት። አሁን የገባውን ውሃ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ለኩ። ስሌቱ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ይላል። ታች ያለው አየር ከላይኛው በ6 በመቶ ገደማ የበለጠ ስለሚጫን፣ ከእንጦጦ የመጣው 500 ሚሊ ሊትር አየር ወደ 470 ተጨምቋል። ቤቱ አቃቂ የሆነ ልጅ ሳይከፍት ይዞት ቢሄድ ደግሞ የሚገባው ውሃ እጥፍ ይሆናል።

የልጆቹ ቁጥር ከዚህ ቢያንስ አትደንግጡ። ታች ይሞቃል፣ የሞቀ አየር ይሰፋል፤ ግፊቱ የጨመቀውን ሙቀቱ በከፊል ይመልሰዋል። ጠርሙሱ ከመከፈቱ በፊት ባልዲው ውስጥ ተነክሮ ትንሽ ቢቆይ ልዩነቱ ይጠባል። ይህንን ግን ቀድማችሁ አትንገሯቸው። ቁጥራቸው ለምን እንዳነሰ ተከራክረው ይድረሱበት።

ሲሪንጁ ሌላም ሥራ አለው። ባለ 20 ሚሊ ሊትሩን ከፋርማሲ ግዙ፤ ከፔርሙዝ የተቀዳና ትንሽ በረድ ያለ ሙቅ ውሃ እስከ ሩቡ ሳቡበት፣ አየሩን አስወጡ፣ ጫፉን በጣት ድፈኑና መግፊያውን ወደ ኋላ ጎትቱ። ያለ እሳት ይፈላል። ግፊቱ ሲቀንስ ውሃ በአነስተኛ ሙቀት እንደሚፈላ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ሙከራ አላውቅም። ጅቡቲ ወደብ ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ እንጦጦ ላይ በ90 ገደማ ይፈላል፤ ደጋ ላይ ንፍሮ ቶሎ የማይበስለውም በዚሁ ነው። ተራራው ላይ እሳት አንድደን እናሳይ የምትሉ ግን ተዉት፤ ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀልድ አያውቅም።

ሦስተኛውን ነገር እኔ ከሁሉም አስበልጠዋለሁ። 1 ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ እንጨት ብቻ ነው የሚጠይቀው። ሜዳ ላይ ትከሉትና ቀጥ ማለቱን በቱንቢ አረጋግጡ፤ ቱንቢ ከሌለ ክር ላይ ያንጠለጠላችሁት ድንጋይ ይበቃል። የቀትር ጥላው ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ወደ ሰሜን 64 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ሰኔ አጋማሽ ላይ ግን ዞሮ ወደ ደቡብ፣ ወደ ከተማው፣ 26 ሴንቲ ሜትር ይወድቃል። የፈረንጅ መጽሐፍ አንብቦ ፀሐይ በቀትር ሁልጊዜ በደቡብ ናት የሚል ተማሪ እዚህ ላይ ይፋጠጣል። በሁለቱ መካከል ደግሞ ጥላው ጨርሶ የሚጠፋባቸው ቀናት አሉ፤ ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 23 አካባቢ። የነሐሴውን ደመና ይበላዋል፣ የሚያዝያውን ያዙ። ሰዓቱም 6 ሰዓት ሳይሆን 6 ሰዓት ከ25 ገደማ ነው፤ የአገራችን ሰዓት የተቆረጠው ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ ባለው በ45 ዲግሪ መስመር ስለሆነ ፀሐይ አናታችን ላይ የምትደርሰው ዘግይታ ነው።

በዚያው ቀን መቀሌ ያለ መምህር እኩል እንጨት ቢተክል ወደ ሰሜን 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ጥላ ያገኛል። ይህ በማዕዘን ሲሰላ 4.4 ዲግሪ ገደማ ነው። የሁለቱ ከተሞች የሰሜንና ደቡብ ርቀት 490 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 360ን ለ4.4 አካፍላችሁ በ490 ብታባዙ የመሬት ዙሪያ 40 ሺህ ኪሎ ሜትር ሆኖ ይመጣል። ኤራቶስቴንስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው ክፍለ ዘመን በአስዋንና በእስክንድርያ መካከል የሠራው ስሌት ይኸው ነው፤ የእኛው ዓባይ ዳር።

«ይህ የድሃ ትምህርት ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ዩኔስኮ በ1948 እ.ኤ.አ. ጦርነት ላቦራቶሪዎቻቸውን ላወደመባቸው አገሮች የሳይንስ መምህራን እንዲህ ዓይነት ሙከራዎችን የያዘ መጽሐፍ አዘጋጅቶ ነበር። መጽሐፉ በ1956 ሰፍቶ ሲወጣ የደላቸው አገሮች መምህራንም ተጠቀሙበት።

ስለዚህ መምህራን፣ አንድ ነገር እንስማማ። ሚያዝያ 5 ከ6 ሰዓት ከ10 እስከ 6 ሰዓት ከ45 ድረስ 1 ሜትር እንጨት ተክላችሁ የጥላውን ጫፍ በየ5 ደቂቃው ምልክት አድርጉ። ልጆቹ ፀሐይዋን በቀጥታ እንዳያዩ አደራ። አጭሩን ጥላ ርዝመቱን፣ አቅጣጫውንና የከተማችሁን ስም ጨምራችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ጎንደር፣ መቀሌ፣ ሐዋሳ ያላችሁ በተለይ እናንተን እጠብቃለሁ።