የማኅፀን በር ካንሰር በአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች፦ ከቫይረሱ እስከ ጨረር ሕክምናው

የማኅፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚታዩ የካንሰር ዓይነቶች መካከል ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በሁለተኛ ደረጃ ላይ ይገኛል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ለ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት መሠረት በዚያ ዓመት በአገሪቱ 7,400 ያህል ሴቶች በበሽታው ሲያዙ፣ 5,300 ያህል ደግሞ ለኅልፈት ተዳርገዋል። እነዚህ አኃዞች ግምት ናቸው መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። ለስሌቱ ዋነኛ መሠረት የሆነው እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራውን የጀመረው የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ ሲሆን፣ ምዝገባው የሚያካትተው የከተማዋን ነዋሪዎች ብቻ ነው።

ይህ ጉዳይ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ለሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች በቀጥታ የሚመለከት ነው። ሦስቱ ከተሞች በጅማ፣ በአምቦና በጎጃም መንገዶች ከዋና ከተማዋ ጋር የተያያዙ ሲሆኑ፣ ዛሬ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ይገኛሉ። ሕሙማናቸው የሚታከሙት በአብዛኛው አዲስ አበባ ነው። ይሁን እንጂ የቡራዩ ነዋሪ የሆነች ታካሚ አድራሻዋን በትክክል ብታስመዘግብ በአዲስ አበባው ስሌት ውስጥ አትገባም፤ ባረፈችበት ዘመድ ቤት አድራሻ ብትመዘገብ ደግሞ በአካፋይነት በማትቆጠርበት ሕዝብ ላይ በተካፋይነት ትደመራለች። በመጀመሪያው ሁኔታ የዙሪያው ከተሞች የበሽታ ጫና ይሰወራል፤ በሁለተኛው የአዲስ አበባው ያለ አግባብ ይጨምራል። ስለዚህ በሪፈር ወረቀት ላይ የቋሚ መኖሪያን በትክክል መጻፍ እንደ ተራ የጽሕፈት ሥራ ሊታይ አይገባውም።

የበሽታው መንሥኤ ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ መሆኑን ያረጋገጠው ጀርመናዊው ሐራልድ ዙር ሐውዘን ሲሆን፣ ለዚህም ሥራው እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። ከቫይረሱ ዓይነቶች መካከል 16 እና 18 የተባሉት ሁለቱ ብቻ 70 በመቶ ለሚሆነው የማኅፀን በር ካንሰር መንሥኤ ናቸው። አብዛኛው ልክፈት በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ በሰውነት የመከላከል ኃይል ይወገዳል። አደጋው የሚመጣው ልክፈቱ ሳይወገድ ሲቆይ ነው። በዚህ ጊዜ ኢ6 የተባለው የቫይረሱ ፕሮቲን፣ የተጎዳ ሴል እንዳይራባ የሚያግደውን ፒ53 እንዲፈርስ ያደርጋል። ኢ7 ደግሞ የሴል ክፍፍልን የሚገታውን አርቢ የተባለ ፕሮቲን ከሥራ ውጭ ያደርገዋል። በመሆኑም ሴሉ ጉዳቱን ሳይጠግን መባዛቱን ይቀጥላል።

ከዚህ ደረጃ እስከ ካንሰር ያለው ጉዞ የመከላከል አቅሟ ጤናማ በሆነ ሴት ከ15 እስከ 20 ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ሕክምና ባልጀመረች ከኤችአይቪ ጋር በምትኖር ሴት ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊያጥር ይችላል። ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ ሴቶች በማኅፀን በር ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎች ሴቶች በስድስት እጥፍ ገደማ ይበልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ለእነዚህ ሴቶች ምርመራው ከ25 ዓመት፣ ለሌሎች ከ30 ዓመት ጀምሮ እንዲሰጥ ያሳሰበው በዚሁ ምክንያት ነው።

በጤና ጣቢያ ደረጃ በስፋት የሚሠራበት ምርመራ የማኅፀንን በር ከ3 እስከ 5 በመቶ በሆነ አሴቲክ አሲድ በመቀባት፣ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ጠብቆ በዓይን ማየት ነው። ዘዴው ርካሽ ከመሆኑም በላይ ውጤቱ በዚያው ቀን ይታወቃል። ድክመቱ በተመልካቹ ልምድ ላይ መመሥረቱና ካረጡ ሴቶች ላይ እምብዛም አለመሥራቱ ነው፤ በዚህ ዕድሜ የሴሎቹ መለወጫ ክፍል ወደ ማኅፀን በር ቦይ ውስጥ ይሸሻልና። የዓለም ጤና ድርጅት አሁን ቅድሚያ የሚሰጠው የቫይረሱን ዲኤንኤ ለሚለይ ምርመራ ነው። ናሙናውን ሴትየዋ ራሷ ልትወስድ ትችላለች። የቀን ፈረቃዋን ትታ ወረፋ ለመጠበቅ ለማትችል የሰበታ የፋብሪካ ሠራተኛ ይህ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ የገባው የጂንኤክስፐርት መሣሪያም ተገቢው ካርትሪጅ ከተገኘ ለዚሁ ሊውል ይችላል።

ቅድመ ካንሰር ሲገኝ በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ማጥፋት ይቻላል። የሙቀቱ ዘዴ የጋዝ ሲሊንደር ስለማያስፈልገው ለጤና ጣቢያ ይቀላል። ነገር ግን ካንሰር የሚያጠራጥር ቁስል ወይም ወደ ቦዩ ዘልቆ የገባ ለውጥ በምንም ምክንያት በዚህ መንገድ መታከም የለበትም። እንዲህ ያለውን ማቃጠል በሽታውን ሸፍኖ ጊዜ ማባከን ነው።

ክትባቱን በሚመለከት፣ በኦሮሚያ ጎማና በትግራይ አሕፈሮም ወረዳዎች ከተካሄደው ሙከራ በኋላ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በአገር አቀፍ ደረጃ መሰጠት ጀምሯል። በኬንያ በተካሄደ ጥናት አንድ ጊዜ ብቻ የተሰጠ ክትባት በ18 ወራት ውስጥ ከዓይነት 16 እና 18 ልክፈት 97.5 በመቶ መከላከሉ ታይቷል። ኢትዮጵያም በ2017 ዓ.ም. ወደ አንድ ጊዜ ክትባት ተሸጋግራለች። ዘመቻው ትምህርት ቤቶችን ማእከል ያደረገ በመሆኑ፣ በየቤቱ ተቀጥረው የሚሠሩና ከትምህርት ገበታ ውጭ ያሉ ልጃገረዶችን ፈልጎ ማግኘት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ድርሻ ነው።

ሕክምናን በተመለከተ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው የጊዜ ጉዳይ ነው። የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2012 በዚያ የታከሙ 1,059 ሴቶችን የተመለከተ ጥናት እንዳሳየው፣ ለጨረር ሕክምና የመጠበቂያው ጊዜ አማካይ 3.8 ወር ነበር። መጀመሪያ ሲመረመሩ 46.7 በመቶ የሚሆኑት ደረጃ 2ለ እስከ 3ሀ ላይ የነበሩ ሲሆን፣ ጨረሩ ሲጀመር በዚያ ደረጃ የቀሩት 19.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በሽታው ወረፋ አልጠበቀም።

እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው ኢንተርሌስ የተባለው ጥናት ከኬሞራዲዬሽን አስቀድሞ ለ6 ሳምንት ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሴል የወሰዱ ሴቶች 80 በመቶው ለአምስት ዓመት በሕይወት መቆየታቸውን አሳይቷል፤ መድኃኒቶቹን አስቀድመው ካልወሰዱት መካከል የቆዩት 72 በመቶ ነበሩ። መድኃኒቶቹ አዲስም ብርቅም አይደሉም። ሆኖም በጥናቱ ጨረሩ የተጀመረው በሰባተኛው ሳምንት ወዲያው ነው። የጨረር ቀጠሮ ሳይያዝ ኬሞቴራፒውን እንደ ማቆያ መስጠት ያን ውጤት ያስገኛል ብሎ መውሰድ ስሕተት ይሆናል። በሌላ በኩል ሲስፕላቲን የኩላሊትን ጤንነት ይፈልጋል፤ ጨረርም ደም ባነሳት ሴት ላይ ውጤቱ ይቀንሳል። የክሬአቲኒን፣ የሄሞግሎቢንና የኤችአይቪ ምርመራ እንዲሁም የባዮፕሲው ውጤት ከነቀኑ ከሪፈር ወረቀቱ ጋር ከተላኩ፣ ታካሚዋ ለእነዚሁ ምርመራዎች ብቻ ሲባል ወደ ሱሉልታ ወይም ወደ ሰበታ ተመልሳ ሌላ ቀጠሮ መጠበቅ አያስፈልጋትም።