ያውቁ ኖሯል? የሪጄል ስም ከየት መጣ?
በኦሪዮን የኮከቦች ስብስብ ግርጌ የሚያበራው ሪጄል ግዙፍ ሰማያዊ ኮከብ ነው፤ የላዩ ሙቀት 12,000 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ 860 የብርሃን ዓመት ያህል ርቆን እንኳ ከሌሊቱ ሰማይ ኮከቦች በድምቀት ሰባተኛው ነው። ስሙ የመጣው «ሪጅል አል-ጀውዛ» ማለትም «የጀውዛ እግር» ከሚለው የአረብኛ መጠሪያ ነው። ኦሪዮን የግሪኮች አዳኝ ነውና ስሙም የግሪክ መሆን አለበት የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፣ በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቶለሚ ኮከቡን በአዳኙ ግራ እግር ላይ አስፍሮታል፤ ይሁንና ያ የቦታ መግለጫ እንጂ የተጸውዖ ስም አይደለም። ጀውዛ ደግሞ አረቦች በዚያው ሰማይ ላይ ያዩት የራሳቸው ምስል ነው። ጀርመናዊው ዮሐን ባየር በ1603 እ.ኤ.አ. «ቤታ» የሚለውን የግሪክ ፊደል ቢሰጠውም፣ ለሰማይ ተመልካቾች ይህ ውብ ኮከብ ዛሬም ሪጄል ነው።