ጠፋ ያሉት ፋይል አልጠፋ ይሆናል፤ አጠፋሁት ያሉትም እንዲሁ

አባታችን ከማረፋቸው በፊት በነበረው ገና ሁላችንም ቆቃ፣ እህቴ ቤት ተሰብስበን ነበር። ከሞጆ ወደ ሐዋሳ ሲወርዱ ለተጠበሰ ዓሣ መኪናዎን የሚያቆሙባት ያቺው ቆቃ። አባታችን የልጅ ልጆቻቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው በሆላንዶቹ ዘመን ወንጂ ስኳር ፋብሪካ እንዴት እንደተቀጠሩ ሲያወጉ የእህቴ ባል በካሜራ ቀረጻቸው። ከዚያ ሌላ ድምፃቸው ያለበት ነገር የለንም። ቀረጻው ላፕቶፕ ላይ ተገለበጠ፤ የካሜራው ካርድ ለሌላ ሥራ ተጸዳ፤ ላፕቶፑም የቤቱ ሰው ሁሉ መገልገያ ሆነ። አንድ ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ለጌም ቦታ ሲፈልግ ብዙ ቦታ የያዘውን ፎልደር መርጦ አጠፋው፤ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አደረገ፤ ጌሙንም ጫነ።

እርስዎ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ደርሶ ከሆነ ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቁታል። ልጁ ያለቅሳል፣ አንዱ ከኢንተርኔት ሶፍትዌር ያወርዳል፣ ሌላው ላፕቶፑን አጥፍቶ ያበራል። አዳማ ወዳለ ጠጋኝ ሲወስዱት የመጀመሪያ ጥያቄው "ከጠፋ በኋላ ምን ሠራችሁበት?" የሚል ነበር። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው።

የመሥሪያ ቤት መዝገብ ቤትን ያስቡ። ዶሴዎቹ መደርደሪያ ላይ ናቸው፤ የትኛው የት እንዳለ የሚናገር አንድ ትልቅ መዝገብ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ አለ። ኮምፒውተር ፋይል "አጠፋሁ" ሲልዎ በአብዛኛው መዝገቡ ላይ ያለውን መስመር ሰርዞ "ቦታው ክፍት ነው" ብሎ መጻፉ ነው። ዶሴው ያለበት ነው፤ የሚጠፋው ሌላ ዶሴ መጥቶ ቦታውን ሲይዝበት ነው። ስለዚህ ፋይል የጠፋበትን ኮምፒውተር መጠቀም ወዲያው ያቁሙ። የማፈላለጊያ ፕሮግራም እንኳ እዚያው ዲስክ ላይ አይጫኑ፤ የሚፈልጉትን ፋይል የሚደመስሰው እሱ ራሱ ሊሆን ይችላል። ዲስኩን አውጥቶ ወይም በሌላ ኮምፒውተር አማካይነት እንደ ሬኩቫ ወይም ፎቶሬክ ባሉ ፕሮግራሞች መፈለግ፣ የተገኘውንም ሌላ ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ነው ደንቡ። ሁለቱም በነፃ የሚገኙ ናቸው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን በቆየው፣ በሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። አዳዲሶቹ ላፕቶፖች የያዙት ኤስኤስዲ የተሰረዘውን ቦታ ብዙውን ጊዜ በራሱ ጊዜ ያጸዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚገኝ ነገር የለም። ፈጣን ስለሆነ ሁላችንም ወደድነው፤ ይህን ጎኑን ግን ሻጩ አይነግርዎትም።

ፍላሽ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ፎቶ ቤት ወይም ፕሪንት ቤት ሄዶ የመጣ ፍላሽ ሲከፈት ፎልደሮቹ በሙሉ ወደ አቋራጭ ምልክት ተለውጠው ካገኟቸው ፋይሎቹ የጠፉ አይምሰልዎ። ቫይረሱ ደብቋቸው ነው። ስንቱ ሰው በድንጋጤ ፎርማት አድርጎ በእጁ አጥፍቷል! ምልክቶቹን አይጫኑ፤ በአንቲቫይረስ ያጽዱት፤ ከዚያ ዊንዶውስ የተደበቁ ፋይሎችንና የተጠበቁ የሲስተም ፋይሎችን እንዲያሳይ ያዙት፤ ብዙውን ጊዜ ሁሉም እዚያው ይገኛሉ።

ዲስኩ ወድቆ "ቀጭ ቀጭ" የሚል ድምፅ ካሰማ ግን በየትኛውም ፕሮግራም አይነካካ። አንባቢዋ ጭንቅላት ሳህኑን እየፋቀችው ሊሆን ስለሚችል እያንዳንዱ ሙከራ የቀረውን ያበላሻል። ኃይሉን ይንቀሉና ለባለሙያ ይስጡ። ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት የሚል ምክር ከሰሙም አመስግነው ይለፉት። መብራት ሄድ መለስ በሚልባቸው ቀናት ደግሞ ዴስክቶፕ ያለ ዩፒኤስ፣ ኤክስተርናል ዲስክም ሥራ ላይ እያለ አይተዉ። የአዋሽ ውኃ ከ1950ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ቆቃ ግድብ ላይ ኃይል ሲያመነጭ ኖሯል፤ እህቴ ቤት ግን ሻማው ሁልጊዜም ከመሳቢያ አይጠፋም።

የአባታችን ነገር፤ ካሜራው ቀረጻውን በአራት ፋይል ከፋፍሎት ነበር፤ ሦስቱ ተገኙ። አራተኛው ላይ ጌሙ ተቀምጦበታል። የተገኙትን አሁን በሦስት ቦታ ይዘናል፤ እህቴ ጋ፣ እኔ ጋ በኤክስተርናል ዲስክ፣ አንዱ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ። ጉግል 15 ጊጋባይት በነፃ ይሰጣል። በቴሌግራም የሚያስቀምጡ ከሆነ ቪዲዮና ፎቶውን "ፋይል" አድርገው ይላኩ፤ አለዚያ ጥራቱን ይቀንሰዋል። ፓስፖርትና የባንክ ወረቀት ግን እዚያ ባያኖሩ እመርጣለሁ።

ስለ ፓስፖርት ካነሣሁ የራሴን ልናገር። አሮጌ ላፕቶፔን ፎርማት አድርጌ ለአንድ ተማሪ ሸጥኩ። ከወራት በኋላ ደወለልኝ፤ የመመረቂያ ጽሑፉ ጠፍቶበት ሲያፈላልግ የእኔ ፓስፖርት፣ የልጄ የልደት ምስክር ወረቀትና የሁለት ዓመት የግብር ወረቀት ወጥቶለት ነበር። ጨዋ ልጅ ስለነበረ እንዳጠፋው ነገረኝ። ላብ አሰመጠኝ። የአባታችንን ቪዲዮ የመለሰልን ያው የዲስክ ጠባይ እኔን አጋለጠኝ።

የደረሰብኝ ብቻዬን አይደለም። በ2003 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ሁለት የአሜሪካ ተመራማሪዎች 158 ያገለገሉ ዲስኮች ገዝተው ሲፈትሹ በአግባቡ የተጸዱት 12 ብቻ ነበሩ፤ አንደኛው የባንክ ገንዘብ መክፈያ ማሽን ዲስክ ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጋና ውስጥ ጋዜጠኞች ከገበያ የገዙት ዲስክ የአንድ የአሜሪካ ጦር መሣሪያ ኩባንያን የመንግሥት ኮንትራቶች ይዞ ተገኘ።

ዲስኩ ሃርድ ዲስክ ከሆነና ደህና ከሆነ፣ ዊንዶውስ ላይ ፎርማት ሲያደርጉ "ኩዊክ" የሚለውን ምልክት ያንሡ። ሰዓታት ይፈጃል፤ ግን ዲስኩን ከጫፍ ጫፍ ይጽፍበታል፤ ለቤተሰብ ይህ አንድ ዙር ይበቃል። ዊንዶውስ ያለበትን ዲስክ ለማጽዳት ሲስተሙን "ሪሴት" ሲያደርጉ ሁሉን አጥፋ፣ ዳታውንም አጽዳ የሚለውን ይምረጡ። ለኤስኤስዲ የአምራቹ ማጽጃ ፕሮግራም ይሻላል። ከሁሉ የሚቀለው ግን ላፕቶፑ አዲስ ሳለ መቆለፊያውን፣ ቢትሎከርን ወይም ማክ ከሆነ ፋይልቮልትን፣ ማብራት ነው፤ ቁልፉ ከሌለ የሚነበብ ነገር የለም። ቁልፉን ወረቀት ላይ ጽፈው ያኑሩት፤ ከጠፋብዎ ለእርስዎም አይከፈትም።

አልሠራም ያለ ዲስክ ለቆራሌውም ለልዋጭም እንዲሁ አይሰጥ። የማይበራ ዲስክ ይነበባልና። ሳህኖቹን በመሰርሰሪያ መብሳት በቂ ነው፤ የላፕቶፕ ዲስክ ሳህን ብዙ ጊዜ መስታወት ስለሆነ መነጽርና ጓንት ያድርጉ። ኤስኤስዲ ከሆነ ቺፖቹ አንድ በአንድ መሰበር አለባቸው። ባትሪውን አይምቱ፣ ምንም ነገር አያቃጥሉ፤ ጭሱ መርዝ ነው። የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻን የሚመለከት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በ2010 ዓ.ም. ወጥቷል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ። ስለዚህ የደንበኞች ወይም የሠራተኞች መረጃ የያዙ ኮምፒውተሮች ያሉት ድርጅት ካለዎት ነገሩ የእርስዎ ብቻ አይደለም።

የእህቴ ልጅ የበፊቱን ዴስክቶፕ ዲስክ በዊንጭ ፈትቶ ሳህኖቹን አባቱ በስቷቸዋል። ውስጡ ሁለት ጠንካራ ማግኔት ነበረው። አሁን ፍሪጁ በር ላይ የመብራት ቢሉን ይዘው ይገኛሉ።