አብራሪ ዘፈን ይስማ ወይስ አይስማ?

ሰሞኑን ከራት በኋላ በመኝታ ቤቶቻችን አንድ ክርክር ተነሥቶ ከርሟል። መነሻው ቀላል ነው። ከሰቆጣ ወደ ኮረም በሚወስደው ጠመዝማዛ መንገድ የተሳፈረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሾፌሩ ሞተሩን ከማስነሣቱ ዘፈኑን ይከፍታል። ታዲያ በላያችን የሚያልፈው አውሮፕላን አብራሪስ እንዲሁ ያደርጋል ወይ? ቢያደርግስ ምን አለበት? ገሚሱ ሰልጣኝ «ዘፈን ያነቃል፣ እንቅልፍ ያባርራል» ሲል፣ ገሚሱ ደግሞ «የመቶ ሰው ነፍስ ይዞ ምን ዘፈን አማረው!» አለ። እኛም የግድግዳ ጋዜጣው አዘጋጆች ነገሩን ጥቂት መርምረን ማቅረብ ወደድን። ጉዳዩ ለሰቆጣ ሰው የሩቅ አይደለም። ካርታ ዘርግቶ ከላሊበላ እስከ አክሱም በማስመሪያ ያሰመረ ሰው፣ መስመሩ ሰቆጣን በቅርብ ታኮ ሲያልፍ ያያል።

በመጀመሪያ ዘፈንና አውሮፕላን የተዋወቁት ዛሬ እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። በቀድሞዎቹ አውሮፕላኖች ውስጥ «የሬዲዮ ኮምፓስ» የሚባል መሣሪያ ነበር። መሣሪያው እንደማንኛውም የቤት ሬዲዮ መካከለኛ ሞገድ ስለሚቀበል፣ አብራሪው የአንድን ከተማ ሬዲዮ ጣቢያ ሲከፍት መርፌዋ ወደ ጣቢያው ትዞራለች፤ መንገዱን እያየ ዘፈኑንም ይሰማል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 7 ቀን 1941 ፐርል ሃርበርን ለመደብደብ የመጡት የጃፓን አብራሪዎች አቅጣጫቸውን ያስተካከሉት የሆኖሉሉ ሬዲዮ ጣቢያ የሚያሰማውን ሙዚቃ ተከትለው ነው። እዚህ ላይ ዘፈን ማዘናጊያ ሳይሆን መንገድ መሪ ነበር (ለሆኖሉሉ ሰዎች ግን ምን ይጠቅማል!)።

ይሁን እንጂ መርፌዋ መንገድ አሳየች ማለት ጆሮው ሥራ ፈቷል ማለት አይደለም። ብዙዎቻችን አብራሪ የሚሠራው በዓይኑና በእጁ ብቻ ይመስለናል። የበረራ ተቆጣጣሪው ከፍታ፣ አቅጣጫና የሬዲዮ ሞገድ ቁጥር በድምፅ ይነግረዋል፤ እሱም የሰማውን ቁጥር መልሶ ይናገራል፤ ተሳስቶ እንደሆነ ተቆጣጣሪው እንዲያርመው። ለሌሎች አውሮፕላኖች የሚነገረውንም ጎን ለጎን ያዳምጣል፤ ከፊቱ ማን እንዳለ፣ ማን ሊያርፍ እንደሆነ የሚያውቀው በዚህም ነው። የሞተሩ ድምፅ ቢለወጥ፣ መሬት ሲቀርብ «ከፍ በል!» የሚለው ማስጠንቀቂያ ቢጮህ፣ ሁሉም የሚገባው በዚያው በጆሮ በር ነው።

በዚያ በር ዘፈን ሲጨመር ምን እንደሚሆን የሥነ ልቦና ሊቃውንት መርምረዋል። እንግሊዛዊው አለን ባደሊ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከባልደረባው ጋር ባደረገው ጥናት፣ ሰዎች ቁጥሮችን በዓይናቸው እያዩ በቅደም ተከተል እንዲያስታውሱ ተደረገ። ግጥም ያለው ዘፈን እየተሰማ ሲሆን ስሕተታቸው በዛ፤ ግጥም የሌለው ሙዚቃ ግን ጉዳቱ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱም አእምሯችን ቁጥርን የሚይዘው በውስጡ እየደጋገመ «በመናገር» ሲሆን፣ የዘፋኙ ቃል በዚያችው ጠባብ ቦታ ይጋፋዋል። «ቋንቋውን ካላወቅሁትስ?» የሚል ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1976 በታተመ ሌላ ጥናት እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ጀርመንኛ እየተነበበላቸው ተፈትነው እነሱም ተረብሸዋል። እንግዲህ ኽምጣና የማይሰማ ሰው በኽምጣና ቢዘፈንለትም አይድንም። ዋሽንት ብቻውንና ማሲንቆ ከነዘፋኙ እኩል አይደሉም ማለት ነው። ሰባት ቁጥር በወረቀት ጽፎ፣ ዘፈን ከፍቶና ዘግቶ ጓደኛን መፈተን ይቻላል፤ ወጪ የለውም። (በምሽት ጥናት ሰዓት ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቶ የሚሸመድድ ሰልጣኝ ካለ ይህን አንቀጽ ደግሞ ያንብበው።)

አሁን ወደ ተቃራኒው ወገን እንሂድ፤ ክርክሩ ቀላል አይደለምና። ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ ይመጣ የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አውሮፕላን፣ መውረድ በሚገባው ቦታ ሳይወርድ በ37,000 ጫማ ከፍታ (11,300 ሜትር ገደማ) ቦሌን አልፎ ሄደ። ተቆጣጣሪዎቹ ደጋግመው ቢጠሩት መልስ ጠፋ። በጊዜው እንደተዘገበው አብራሪዎቹን እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር፤ የቀሰቀሳቸውም አውቶ ፓይለቱ ሲለቅ የጮኸው ደወል ነው። አውሮፕላኑ ዞሮ ተመልሶ 25 ደቂቃ ያህል ቆይቶ በሰላም አረፈ። አየር መንገዱም የሬዲዮ ግንኙነቱ ለጊዜው ተቋርጦ እንደነበር ገልጾ፣ ምርመራው እስኪያልቅ ሠራተኞቹን ከበረራ አገለለ።

«ይኸው! ዘፈን ቢኖር ኖሮ አይተኙም ነበር» ይላል የዘፈን ወገን። አባባሉ ጨርሶ ከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1948 ኖርማን ማክዎርዝ የተባለ ተመራማሪ እንዳሳየው፣ አንድ ነገር ብቻ እያየ የሚጠብቅ ሰው ገና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ንቃቱ ይቀንሳል። የረጅም መንገድ በረራ ደግሞ ብዙው እንዲህ ያለ ጥበቃ ነው። ነገር ግን ሌላውን ጉዳይ ጎን ለጎን እንይ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 2009 የአሜሪካው ኖርዝዌስት አየር መንገድ አውሮፕላን 144 መንገደኞች ይዞ የሚያርፍበትን ሚኒያፖሊስን አልፎ ሄደ፤ ከአንድ ሰዓት በላይም ከተቆጣጣሪዎች ጋር አልተገናኘም። አብራሪዎቹ አልተኙም፤ ላፕቶፕ ከፍተው ስለ ሥራ ፕሮግራማቸው ሲነጋገሩ ነበር። የእኛዎቹ ተኝተው፣ የነሱዎቹ ነቅተው፣ ሁለቱም ከተማቸውን አለፉ። እንግዲያው ዋናው ነገር ዓይን መገለጡ ብቻ ሳይሆን ጆሮ የት እንደዋለ ነው። ደግሞስ የካርቱሙ አውሮፕላን አብራሪዎች ማዳመጫ ሰክተው ዘፈን እየሰሙ ቢያሸልቡ ኖሮ ደወሉ ሰንጥቆ ይደርስላቸው ነበር ብሎ ማን ዋስ ይሆናል? የእንቅልፍ መድኃኒቱ እንቅልፍ ነው። በአውሮፓና በካናዳ ደንብ አንዱ አብራሪ ነቅቶ ሲጠብቅ ሌላው በተራው ለአጭር ጊዜ እንዲያሸልብ ይፈቀዳል፤ ይህ ከዘፈን የተሻለ ብልሃት ይመስለናል።

ሁሉንም በአንድ ዱላ አንመታም። ትንሽ አውሮፕላን ለብቻው፣ በጠራ ሰማይ፣ ከተራራ ርቆ የሚያበር ሰው ለስለስ ያለ ሙዚቃ ቢከፍት አንፈርድበትም። ለእንዲህ ዓይነቱ በረራ የተሠሩ ማዳመጫዎች አሉ፤ የሬዲዮው ድምፅ ሲመጣ ዘፈኑን በራሳቸው ይቀንሱታል ወይም ዝም ያሰኙታል። ጥያቄው ወደ መሬት ሲጠጉ ነው።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 1974፣ በእኛ የ1967 ዓ.ም. የዘመን መለወጫ ዕለት፣ አንድ የኢስተርን አየር መንገድ አውሮፕላን አሜሪካ ውስጥ ሻርሎት ከተማ ሊያርፍ ሲል ከማኮብኮቢያው ሳይደርስ ወድቆ ከ82 ሰዎች ከ70 በላይ ሞቱ። አብራሪዎቹ በጉም ውስጥ እየወረዱ ስለ ፖለቲካና ስለ አሮጌ መኪና ይጫወቱ ነበር፤ ከፍታቸውን ልብ አላሉም። ከዚህና ከመሰል አደጋዎች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1981፣ የአሜሪካ አቪዬሽን አስተዳደር ደንብ አወጣ። አውሮፕላኑ መሬት ላይ ሲንቀሳቀስ፣ ሲነሣና ሲያርፍ፣ እንዲሁም የተደላደለውን በረራ ሳይጨምር ከ10,000 ጫማ በታች ሲሆን፣ ለበረራው ደኅንነት ከማያስፈልግ ወሬም ሆነ ሥራ አብራሪዎች እንዲታቀቡ ያዛል። ወሬ ከተከለከለ ዘፈንማ ምን ሊባል ነው።

ደንቡ ግሩም ነው፤ ቁጥሩን ግን ወደኛ ተራራ አምጥተን እንየው። 10,000 ጫማ 3,048 ሜትር ሲሆን የሚቆጠረው ከባሕር ወለል ነው። ሻርሎት አውሮፕላን ማረፊያ 228 ሜትር ላይ ስለሆነ፣ አብራሪው ዝም የሚልበት 2,820 ሜትር አለው። ቦሌ ግን 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የሚቀረው 718 ሜትር ብቻ። አውሮፕላኑ በደቂቃ 300 ሜትር ይወርዳል ብንል፣ ሻርሎት ላይ ዘጠኝ ደቂቃ ተኩል ያህል ጸጥታ ሲኖር ቦሌ ላይ ሁለት ደቂቃ ተኩል እንኳ አይሞላም። ከኛ አጠገብ ያለው አቡነ ዮሴፍ ደግሞ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው፤ በ10,000 ጫማ ላይ የሚበር ሰው ጫፉን ቀና ብሎ ነው የሚያየው። ስለዚህ በደጋ አገር ያ ከፍታ ከባሕር ሳይሆን ከማረፊያው ሜዳና ከአካባቢው ተራራ ጀምሮ መቆጠር አለበት እንላለን። መንገደኛ የያዘ አብራሪ ደግሞ ከመነሣት እስከ ማረፍ ዘፈን ባይከፍት እንመርጣለን።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ የእንግሊዝና የምዕራብ ጀርመን የጦር አውሮፕላኖች በደጋው ሜዳ ላይ እጅግ ዝቅ ብለው እህል ሲጥሉ ያዩ አዛውንቶች አሉ። በ2013 ዓ.ም. አንበጣ ወሎንና ራያን ሲወር መድኃኒት የሚረጩት አውሮፕላኖችም እንዲሁ መሬት ለመሬት ነው የሚበሩት። በዚያ ከፍታ ላይ ስለ ዘፈን የሚከራከር አብራሪ ይኖራል ብለን አናስብም።

የላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በዚያው በደቂቃ 300 ሜትር ስሌት የጸጥታው ጊዜ ስንት ደቂቃ እንደሚሆን የሒሳብ ሰልጣኞች ሠርተው ያምጡልን፤ ከነአሠራሩ በሚቀጥለው እትም እንለጥፈዋለን።