ከሰሉ ከደጅ ይቅር፦ ኪንግ ካውንቲን ከነስጋቱ መተዋወቅ

በዲሴምበር 14 ቀን 2006 እ.ኤ.አ. ምሽት የተነሳው የነፋስ ማዕበል ሲያትልንና አካባቢዋን ሲያናውጥ አደረ። ሲነጋ በዋሽንግተን ግዛት ከአንድ ሚሊዮን በላይ የመብራት ደንበኞች ጨለማ ውስጥ ነበሩ። በአንዳንድ ሰፈር መብራቱ ሳይመለስ ቀናት አለፉ፤ ብርዱ ግን ቀን አልሰጠም። ማሞቂያቸው ከኤሌክትሪክ ጋር አብሮ የጠፋባቸው ብዙ የስደተኛ ቤተሰቦች በአገራቸው የሚያውቁትን አደረጉ፤ ከሰል አቀጣጥለው ወደ ቤት አስገቡ። ወዲያው ሆስፒታሎች ካርቦን ሞኖክሳይድ በተባለው መርዛማ ጋዝ በታፈኑ ሰዎች ተጨናነቁ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ታመሙ፤ ሕይወታቸውን ያጡም ነበሩ። የጤና ባለሙያዎች ነገሩን ሲያጠኑት፣ ቤት ውስጥ ባነደዱት ከሰል ከተመረዙት አብዛኞቹ ከሌላ አገር መጥተው እዚያ የሰፈሩ ሰዎች ሆነው ተገኙ። በ1993 ከደረሰው ማዕበል በኋላም የሆነው ይኸው ነበር።

ከሰል እንደሚያፍን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። የምናውቀው ግን በአገራችን ቤት ልክ ነው። ከሰሉን ደጅ አቀጣጥለን፣ ጭሱ ሲያልፍና ፍሙ ሲቀላ «አሁን ደህና ነው» ብለን እናስገባዋለን። በሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ በጣሪያና በግድግዳው መካከል አየር ይገባል። የሲያትል አፓርታማ ደግሞ ሙቀት እንዳያመልጥ ተብሎ ጥርቅም ተደርጎ የተሠራ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ጭሱ ያለፈለት ፍምም ያመነጨዋል። በአሜሪካ የከሰል ከረጢት ላይ ቤት፣ ድንኳንና መኪና ተስሎ መስመር የተሰረዘበት ምልክት የገባው ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነው። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ብቻውን ለማያነብበው ሰው ምንም አልፈየደለትምና።

ሲያትል ያለችው በኪንግ ካውንቲ ውስጥ ነው። ካውንቲ በግዛትና በከተማ መካከል ያለ አስተዳደር ነው፤ ዞን ብንለው ብዙ አንስትም። ኪንግ ካውንቲ የሲያትልን ከተማ ጨምሮ 39 ከተሞችን ያቀፈ፣ በ2020 የሕዝብ ቆጠራ ወደ 2.27 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው የተቆጠረበት፣ ከዋሽንግተን ግዛት ካውንቲዎች በሕዝብ ብዛት የሚመራ ነው። ስሙ መጀመሪያ የተሰጠው ኪንግ ለተባለ አንድ ባሪያ አሳዳሪ ፖለቲከኛ መታሰቢያ ነበር። በ1986 የካውንቲው ምክር ቤት ስያሜው ለማርቲን ሉተር ኪንግ እንዲሆን ወሰነ፤ ግዛቱም በ2005 በሕግ አጸናው። አማርኛ በጎዳናው፣ በገበያውና በትምህርት ቤቱ የሚሰማበት አገር ነው፤ ከአዲስ አበባ የሄደ ሰው እንጀራ የሚሸጥ ሱቅ ለማግኘት ብዙ አይንከራተትም። ምድሩ በምዕራብ ከፒዩጀት ሳውንድ ባሕር ይነሳና በምሥራቅ በረዶ ለብሶ እስከሚከርመው የካስኬድ ተራራ ሰንሰለት ይዘልቃል። በእነዚያ ተራሮች ዌሊንግተን በተባለች ጣቢያ ቆመው የነበሩ ባቡሮችን በማርች 1 ቀን 1910 የበረዶ ናዳ ጠርጎ 96 ሰው ገድሏል። በአሜሪካ ታሪክ ይህን ያህል ሰው የጨረሰ የበረዶ ናዳ የለም።

አማርኛ አደጋንና ስጋትን ለይቶ መጥራቱ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ማዕበሉ ወይም የመሬት መንቀጥቀጡ ሰው ላይና ንብረት ላይ ሲደርስ አደጋ ይሆናል። ስጋት የምንለው ከመድረሱ በፊት ያለውን ነው፤ ምን ሊመጣ ይችላል፣ ማን በመንገዱ ላይ አለ፣ ያ ሰውስ ምን ያህል ይቋቋመዋል የሚለውን። የአሜሪካ ካውንቲዎች የፌዴራል መንግሥትን የአደጋ መቀነሻ ገንዘብ ለማግኘት ይህን ስጋት የሚተነትን ዕቅድ አዘጋጅተው በየአምስት ዓመቱ ማደስ አለባቸው።

በኪንግ ካውንቲ ዕቅድ ውስጥ ከባዱ ምዕራፍ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው፤ እሱም ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ከመሬት በታች 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ የሚነሳው ሲሆን በ1949፣ በ1965 እና በ2001 ደርሷል። በፌብሩዋሪ 28 ቀን 2001 የደረሰው መጠኑ 6.8 ነበር። በሲያትል ፓዮኒር ስኩዌር ሰፈር የአሮጌ ሕንፃዎች ጡብ መንገድ ላይ ረገፈ፤ ከባሕሩ ዳር የሚሄደው ባለ ፎቅ አውራ ጎዳናም ተጎዳ። የጎዳናው ምትክ የሆነው ዋሻ ለትራፊክ የተከፈተው በ2019 ነው፤ አንድ መንገድ ለመተካት 18 ዓመት ወሰደ ማለት ነው።

ሁለተኛው የሲያትል ስንጥቅ የሚባለው ነው። ጥልቅ አይደለም፤ ከተማዋን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ከሥሯ አቋርጦ ያልፋል። ከ1,100 ዓመት ገደማ በፊት ሲላቀቅ፣ ከባሕሩ ማዶ ባለችው ቤይንብሪጅ ደሴት የአንዱን ዳርቻ መሬት ሰባት ሜትር ያህል ወደ ላይ አነሳው። በዋሽንግተን ሐይቅ ዳር የነበረ ጫካም ከነመሬቱ ተንሸራቶ ሰጠመ፤ የዛፎቹ ግንድ ዛሬም ከሐይቁ ሥር ቆሟል። ሐይቁን በሚያቋርጡት ድልድዮች በየቀኑ የሚመላለሰው ሰው የሚያልፈው በዚሁ ውሃ ላይ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም የከበደው ሲሆን ምንጩ ከውቅያኖሱ ወለል በታች ያለው የካስኬዲያ ስንጥቅ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የተላቀቀው በጃንዋሪ 26 ቀን 1700 ምሽት ነው። ቀኑ እንዲህ በትክክል መታወቁ ያስደንቃል፤ በቦታው ቀን ቆጥሮ የጻፈ ሰው አልነበረምና። ሳይንቲስቶች በዋሽንግተን ዳርቻ በጨው ውሃ ተውጠው የደረቁትን የዝግባ ዛፎች ዓመታዊ ቀለበት ቆጠሩ። ከዚያም በጃፓን መዝገቦች ውስጥ፣ መሬት ሳይንቀጠቀጥ ድንገት የመጣ የሱናሚ ማዕበል ተጽፎ አገኙ። ሁለቱ ገጠሙ። መጠኑ 9 ገደማ እንደነበረ ይገመታል። እንዲህ ያለው ሲመለስ መሬቱ የሚናወጠው ለሰከንዶች ሳይሆን ለደቂቃዎች ነው።

በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሳው ንዝረት አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ ብዙ ሰው ከፎቅ ወደ ደጅ ሮጧል። ሲያትል ውስጥ የሚሰጠው ምክር ሌላ ነው፤ አትሩጡ። እየተናወጠ ሳለ የሚሮጥ ሰው ደረጃ ላይ ይወድቃል፣ ደጅ ሲደርስም ጡብና መስታወት ይጠብቀዋል። ባላችሁበት በጉልበታችሁ ተንበርከኩ፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ግቡ፣ እግሩን ይዛችሁ እስኪቆም ጠብቁ። ከሜይ 2021 ጀምሮ በዋሽንግተን ግዛት ማስጠንቀቂያ ንዝረቱን ቀድሞ በእጅ ስልክ ሊደርስ ይችላል። የሚገኘው ጥቂት ሰከንድ ብቻ ቢሆንም ጠረጴዛ ሥር ለመግባት ይበቃል።

ጎርፉን በአጭሩ ልለፈው። ከፍ ያለ ኪራይ የገፋቸው ብዙ የምሥራቅ አፍሪካ ቤተሰቦች የሰፈሩባቸው ኬንትና ተክዊላ በግሪን ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ናቸው። በጃንዋሪ 2009 ከደረሰው ከባድ ዝናብ በኋላ ወንዙን የሚገታው የሃዋርድ ሃንሰን ግድብ ዳር ውሃ ማስረጉ ሲታወቅ፣ የወንዙ ዳር በግዙፍ የአሸዋ ከረጢት ታጠረ። የግድቡ ጥገና ተጠናቋል፤ ሸለቆው ግን ያው የጎርፍ ሜዳ ነው። ተራ የቤት መድን ጎርፍንም የመሬት መንቀጥቀጥንም አይሸፍንም። የፌዴራሉ የጎርፍ መድን ለብቻው የሚገዛ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ላይ የሚውለው ከ30 ቀን በኋላ ነው። ደመናው ከጠቆረ ወዲያ የሚገዛ ሰው ዘግይቷል።

ሙቀትም ይገድላል። በጁን 28 ቀን 2021 ሲያትል 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደረሰች፤ በዚያ ሰሞን በግዛቱ ከመቶ በላይ ሰው ሞተ። ማቀዝቀዣ በሌለው ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ከሁሉ ይልቅ ተጎጂ ናቸው።

ግዛቱ ለነዋሪው የሚለው፣ ለሁለት ሳምንት ራሳችሁን ችላችሁ ለመቆየት ተዘጋጁ ነው። ውሃ ለአንድ ሰው በቀን አንድ ጋሎን፣ ወደ አራት ሊትር ነው፤ ለአራት ሰው ቤተሰብ ከ200 ሊትር ያልፋል። የቤቱ የሙቅ ውሃ ታንክ ሳይወድቅ ከተረፈ የሚጠጣ ውሃ ይዟልና ከግድግዳው ጋር በብረት ይታሰር። ምግቡን በተመለከተ ግን ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የኤሌክትሪኩ ምጣድ ሥራ ሲያቆም በሶ በውሃ ይበጠበጣል፤ ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎና ድርቆሽም እሳት አይጠይቁም። እናቶቻችን ለመንገደኛ የሚሰንቁት ስንቅ ለዚህ የተሠራ ይመስል ልክ ነው። መድኃኒት፣ የባትሪ መብራት፣ ጥሬ ገንዘብ፣ የፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ ቅጂ ይጨመርበት። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ከሁሉ ይቅደም።

የሚያሳስበኝ ግን ከዕቃው ይልቅ የወሬው ለሁሉም መድረስ ነው። ካውንቲው ማስጠንቀቂያ የሚልክበት አገልግሎት አለው፤ አለርት ኪንግ ካውንቲ ይባላል። ወደ መረጃ መስጫው ስልክ 211 ደውሎ አስተርጓሚ መጠየቅም ይቻላል። ይህ ሁሉ ግን ያልተመዘገበውንና ቁጥሩን የማያውቀውን፣ ባለፈው ወር የገባውን እንግዳ አይደርሰውም። እሱን የሚያገኘው እድሩ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ ነው። እድር ሰው ከሞተ በኋላ ድንኳን ለመጣል የሚያስፈልገውን ሁሉ ያውቃል፤ የአባላት ስም ዝርዝር፣ የእያንዳንዱ ስልክ፣ ማን ብቻውን እንደሚኖር። ይኸው መዝገብ ሰው ሳይሞት ለምን አይከፈትም? በነፋስ ሌሊት ለየትኛዋ እናት ማን እንደሚደውል፣ በሙቀት ቀን ማን ማንን ወደ ቀዝቃዛ ቤት እንደሚወስድ፣ ከአንድ ስብሰባ ባልበለጠ ጊዜ መደልደል ይቻላል።

ከባዱ ነፋስ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከኖቬምበር ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት አዲስ ለገባ አንድ ቤተሰብ ደውሉና በአማርኛ ንገሩት፤ መብራት ቢጠፋ ብርድ ልብስ ደርቡ፣ መብራት ወዳለው ዘመድ ሂዱ፤ ከሰሉ ግን ከደጅ ይቅር።