ከአሪቻ ቡና ጎን ያለው እንሰት

በጌዴኦ ዞን ይርጋጨፌ ወረዳ የምትገኘው አሪቻ የምትታወቀው በቡናዋ ነው። ስሟ በውጭ አገር የቡና ከረጢት ላይ ሳይቀር ይጻፋል። ቤተሰቡን ዓመት እስከ ዓመት የሚያበላው ግን እንሰት ነው።

የጌዴኦ ጓሮ እንደ ፎቅ ቤት ተደራርቦ የተሠራ ነው። ከላይ ዋንዛ፣ ብርብራና ሰሳ ጥላ ይሰጣሉ፤ ከሥራቸው እንሰትና ቡና ተጠጋግተው ይበቅላሉ፤ ጎደሬ፣ ቦዬና ጎመንም ቦታ አያጡም። ብርብራ ናይትሮጅን ከአየር ወስዶ አፈሩን ያዳብራል፤ የሚያረግፈው ቅጠልም በስብሶ ማዳበሪያ ይሆናል። ተዳፋቱ በበሬ ስለማይታረስ ዝናቡ ቢበረታም አፈሩ በቀላሉ አይሸረሸርም። በአንዳንድ ቀበሌዎች በካሬ ኪሎ ሜትር ከ1,000 በላይ ሰው የሚኖረው በዚህ ዘዴ ነው።

እንሰት ለማባዛት ዘር አይዘራም። ያልደረሰው ተነቅሎ አሚቾ የሚባለው የግንዱ ሥር እምብርቱ ተፍቆ ይወጣል፤ ከዚያ አፈርና ፍግ ተሞልቶበት ይቀበራል። ከጥቂት ወራት በኋላ ከአንዱ አሚቾ ብዙ ችግኝ ይፈላል። ችግኙ ቦታ እየተቀየረለት አድጎ፣ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ፣ አበባ ሊያወጣ ሲል ለፍቂያ ይደርሳል። ፍቂያው የሴቶች ሥራ ነው። ግንዱን ጣውላ ላይ አስደግፈው በቀርከሃ ይፍቁታል፤ አሚቾውን ይከትፉታል። ከጭማቂው የሚዘቅጠው ነጩ ቡላ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ የሚብላላው ቆጮ፣ ጭረቱ ቃጫ ይሆናል። ቆጮ ለወራት ስለሚቆይ የቡናው ብር ሲያልቅም ቤቱ አይራብም። ላሟም የእንሰቱን ቅጠል ትበላለች፤ ፍጓ ወደ እንሰቱ ሥር ይመለሳል።

በሐዋሳ ሐዋርያዊ ቪካሪያት ሥር ላሉት የአካባቢው ካቶሊክ ቤተሰቦች ጓሮው የእምነትም ጉዳይ ነው። ሥጋ በማይበላበት የዐቢይ ጾም ዓርብ ቆጮውም ጎመኑም ከዚያው ይወጣል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው መልእክታቸው የጋራ ቤታችን ለሆነችው ምድር እንድናደርግ ያሳሰቡትን እንክብካቤ፣ የጌዴኦ ገበሬ በመቆፈሪያው ሲሠራው ኖሯል።

ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ምዝገባው ግን እንሰቱን ከአጠውልግ በሽታ አያድነውም። ይህ የባክቴሪያ በሽታ የታመመውን በቆረጠ ቢላዋ ወደ ጤነኛው ይሻገራል፤ ስለዚህ ቢላዋውን በእሳት መለብለብ፣ የታመመውን ነቅሎ መቅበር የግድ ነው። መሬቱ ለልጆች ሲከፋፈል ደግሞ እንሰቱን አንስቶ ጫት ወይም ባሕር ዛፍ መትከል ያጓጓል። ያን ጊዜ የቤቱ እራት በገበያ ዋጋ ይወሰናል።

ቡና ጣዕሙ የሚያምረው ቀልቶ ሲለቀም ነው። ጎተራው ባዶ የሆነበት ገበሬ ግን ብር ቸኩሎበት አረንጓዴውንም ይለቅማል። ስለዚህ ለአሪቻ ቡና የምንቆረቆር ሁሉ ለእንሰቱም እንቆርቆር፤ ቡናው እስኪቀላ የሚታገሠው የጠገበ ቤተሰብ ነው።